«ከላይ አየሁሽ» ያለኝ ሜዳ

ባለቤቴ በተቀበረ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ያነበበው አብሮት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር። ጥሩ አድርጎ ነው ያነበበው። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እመሀሉ ላይ ግን «በመኪና ወደ ጋይንት መጥተው የመምህርነት ሥራቸውን ጀመሩ» የሚል ነገር ገባበት። እኔን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈውኝ ነበር።

«በመኪና አይደለም» አልኩ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለችኝ በስተቀኜ ያለችው።

«በመኪና አይደለም እኮ የመጣው!»

«አዎ፣ እናውቃለን። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።»

እንዲህ እያለች ራሴን ወደ ትከሻዋ ሳበችው። ታሪኩ ተነቦ አለቀ። ባለቤቴ በመኪና እንደመጣ ሆኖ ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስቀመጥ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነበር። ሌላ ስንት የሚያንገበግብ ነገር እያለ ይህ ለምን እንደባሰብኝ አላውቅም። ለሙት ዓመቱ ታሪኩ እንደገና ተጽፎ፣ በትንሽ ወረቀት ታትሞ ለሰው ይታደላል ብለን ስንነጋገር «እኔ እጽፈዋለሁ» አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ማንበብና መጻፍ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ለባሌ ታሪክ አላንስም ብዬ ነው። ጀመርኩት። ቀስ እያልኩ፣ በቀን ሦስት መስመርም አራት መስመርም። የተወለደበትን ጻፍኩ፣ የተማረበትን ጻፍኩ። «ወደ ጋይንት በአውሮፕላን መጣ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ አቃተኝ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ይህ ነው። ያን ጊዜ ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ አልፎ አልፎ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ያርፍ ነበር። አባቴ ከሞተ ሳምንት አልሞላውም። አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድማችን በአውሮፕላን ይመጣል ተብሎ፣ ዘመድ ሁሉ አብሮት ሊያለቅስ ሜዳ ወጥቶ ይጠብቅ ነበር። እኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱ ወደ አንገቴ ወጥቶ፣ ከሰው ተለይቼ ከአንድ ወይራ ሥር ብቻዬን ቆሜያለሁ። አውሮፕላኑ አረፈ። ወንድማችን አልነበረበትም። ከወረዱት መሀል አንድ የማላውቀው ቀጭን ወጣት ሻንጣውን እንደያዘ ሜዳውን አቋርጦ መጣና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ።

ወጣቱ አዲስ የተመደበ መምህር ነበር። ቆይቶ ስንጋባ «ሐዘንተኛ መሆኔን ማን ነገረህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማንም አልነገረኝ። ከላይ አየሁሽ። ልናርፍ ዝቅ ስንል አንዲት ልጅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከወይራ ሥር ብቻዋን ቆማለች። ስወርድ ለቅሶ ልድረሳት አልኩ።»

አርባ ምናምን ዓመት በዚህ ኖርኩ። ስንጣላ እንኳ፣ ከሰማይ አይቶኝ የመጣ ሰው ነው እያልኩ እታገሠው ነበር።

እሱ ግን ጨዋታ አዋቂ ነበር። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አያወራም። ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ሲያስተምር ጅብ በመስኮት ገብቶ ጠመኔ በላብን ብሎ ለልጆቹ ነገራቸው። ልጆቹ ለወላጆቻቸው ነገሩ። ወላጆች ተሰብስበው ለክፍሉ የመስኮት መዝጊያ አሠሩ። እሱ መዝጊያውን ሲያይ «ጅቡ ባይመጣ ኖሮ እስከ ዛሬ በብርድ ባለቅን» አለኝ። ጅብ እንዳልመጣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

በሕይወት እያለ «ከላይ አየሁሽ» ያለኝ እውነት ይሁን ጨዋታ አስቤው አላውቅም። ከሞተ በኋላ ነው የመጣብኝ። የአንዲት ልጅ ነጠላ መዘቅዘቁ ከአውሮፕላን ላይ ይታያል? የሚመልስልኝ ሰው የለም። ሳላውቅ ብጽፈው በሙት ዓመቱ በሰው ፊት ውሸት ማስነበቤ ነው። ብተወው ደግሞ ሰውዬው በመኪና ከመጣ ሰው በምን ተለየ?

በጥር፣ ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ልጄ ከጤና ጣቢያ ሥራዋ ወሬ ይዛ መጣች። ጡረታ የወጡ አብራሪዎች ከወደቀበት አንሥተው ያደሱት አሮጌ አውሮፕላን በድሮዎቹ የሣር ሜዳዎች እየዞረ ነው አለች። በእኛም ሜዳ ያርፋል፤ ድሮ በእሱ የበረሩ ሰዎችንና ቤተሰባቸውን እያሳፈረ ግማሽ ሰዓት አየር ላይ አዙሮ ይመልሳል።

«ያው ራሱ ነው?» አልኳት።

«ያው ዓይነት ነው፣ እማዬ። ስምሽን አስመዝግቤያለሁ።»

«እኔን? በጥቁር ልብሴ? ባሏ ሳይከርም ሽርሽር ወጣች እንዲሉኝ?»

«ይበሉ። አንቺ ያቺን አንድ መስመር እስክትጽፊ ሙት ዓመቱ ያልፋል።»

አነጋገሯ የአባቷ ነው። ተናደድኩባት። በነጋታው ግን መካነ ኢየሱስ ለታላቅ እህቴ ደወልኩላት። እህቴ እስቴ ተድራ እዚያው የቀረች፣ እንደ እኔው ባሏ የሞተባት ናት። ሳትጠይቀኝ መጣች። ያሰብኩትን የነገርኳት ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። እኔ ባለቤቴ ተቀምጬበት ነበር ባለው ቦታ እቀመጣለሁ፤ እሷ እኔ በቆምኩበት፣ ከወይራው ሥር፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብቻዋን ትቆማለች። ስናርፍ ካየኋት እሱም አይቶኛል ማለት ነው። ካላየኋት አላየኝም።

«ጤና የለሽም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሰው ሳይሞት ነጠላ መዘቅዘቅ ሟርት ነው።»

«የእሱ ሙት ዓመት ገና ነው እኮ፣ እትዬ። ለእሱ ነው።»

«ለእሱማ ያን ጊዜ ዘቅዝቄለታለሁ። አጠገብሽ ተኝቶ ሳለ ያልጠየቅሽውን ዛሬ በእኔ ጉልበት ልታጣሪ?»

«ድንጋይ አይጠፋም፣ ትቀመጫለሽ።»

«የቆመች ልጅ አየሁ ነው ያለው አላልሽም? እቆማለሁ። በኋላ ስለተቀመጠች ነው ያላየኋት እንድትይ ነው?»

በማግሥቱ ሜዳው ወጣን። ከብቱ ተነድቶ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ የከተማው ሰው ባንድ ወገን ተሰብስቦ ነበር። ልጄ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እዚያ ቀረች። እኔና እህቴ ወይራውን ፍለጋ ወደ ሜዳው ዳር ሄድን። ወይራው የለም። ጉቶ አለ፤ ግን ጉቶው ሁለት ነው።

«ይኼኛው ነው» አልኳት።

«አይደለም። ያኛው ነው።»

«የቆምኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«አንቺ ብቻ የቆምሽ አስመሰልሽው» አለችና ሌላም ነገር ጀመረች። የሰማሁት ግን ይህን ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ከጉና ተራራ በኩል ድምፁን አስቀድሞ መጣና የምትለው ጠፋኝ። እኔ ባልኳት ጉቶ አጠገብ አቆምኳት። ነጠላዋን ፈታ ዘቀዘቀችው። ቀይና አረንጓዴ ጥለቱ አንገቷ ላይ ወጣ። ተመልሼ ላስተካክልላት አማረኝ። ትቻት ሄድኩ።

አውሮፕላኑ ቁጢጥ እንዳለ ውሻ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ነው የሚቆመው። ሁለት ትልልቅ ጎማዎች ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጅራቱ ሥር። በሩ ከኋላ ነው። ገብቼ ወለሉን ስረግጥ እግሬ ተሳሳተ፤ ወለሉ ዳገት ነው። እሱ «ከገባሁ በኋላ ዳገት ወጣሁ» ሲለኝ እንደ ጅቡ ጨዋታ አድርጌ እስቅበት ነበር። በሁለት እጄ የወንበሮቹን ጀርባ ይዤ ቆምኩ። ቢያንስ በመኪና አልመጣም።

ነጭ ፀጉር ያላቸው አንድ አስተናጋጅ አዛውንት ለእያንዳንዱ ሰው ከረሜላና ለጆሮ የሚሆን ጥጥ ያድሉ ነበር። በወጣትነታቸው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ላይ እንደሠሩ ነገሩን።

«እናቴ፣ ከፊት ይምጡ። ከኋላ ያንገላታል» አሉኝ።

«በግራ በኩል፣ ከበሩ አጠገብ ነው የምፈልገው።»

«በረው ያውቃሉ ማለት ነው?»

«እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ ነው።»

«እሳቸውስ አልመጡም?» ካሉ በኋላ ልብሴን አዩና «ነፍስ ይማር» ብለው ጥጡን እጄ ላይ አኖሩት።

«ሲያርፍ፣ መሬት ላይ ያለ ሰው ከዚህ ይለያል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰው መሆኑ ይለያል።»

«ማን መሆኑስ?»

«እንጃ እናቴ። እኔ ስናርፍ የሰው ቀበቶ ሳይ ነው የኖርኩት። በመስኮት አይቼ አላውቅም።»

ሞተሩ አስሎ ጭስ ተፋና ተነሣ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተንቀጠቀጠ፤ ወንበሩም፣ መስኮቱም፣ ጥርሴም። መሮጥ ሲጀምር ከኋላችን የሆነ ነገር ቀና አለና ዳገቱ በአንድ ጊዜ ሜዳ ሆነ። ይህን አልነገረኝም ነበር። ወይም ነግሮኝ አልሰማሁትም። ብዙ ነገር እንዲህ ነው አሁን፤ ያልነገረኝና የነገረኝ ይምታታብኛል።

ከላይ ሆኜ ያየሁትን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ጉናን በስተቀኝ ስጠብቀው በስተግራ መጣ። አገሬ ተገልብጦ የተቀመጠ መሰለኝ። አውድማው ብዙ ነው፤ ቢጫ ክብ፣ ቢጫ ክብ፣ በየክቡ ዙሪያውን የሚሄዱ ጥቃቅን በሬዎች። ባለቤቴ የተቀበረበትን ቤተ ክርስቲያን ፈለግሁ። በዛፍ የተከበበ ቆርቆሮ ሳይ «ይህ ነው» ብዬ አማተብኩ። ቀጥሎ ሌላ መጣ፤ ያኛውም ያው ነው። ለእሱም አማተብኩ። ሦስተኛው ሲመጣ የትኛው እንደሆነ ጭራሽ ጠፋኝና፣ እንዳይቀርበት ብዬ ለሦስቱም «ነፍሱን ማርልኝ» አልኩ።

አዛውንቱ በየመሀሉ ጎንበስ እያሉ ይነግሩን ነበር። «እስቴ ይኸውላችሁ፤ መካነ ኢየሱስ ነው ያ።» ትንሽ ቆየንና «በወገዳ በኩል ዞረናል» አሉ። እሱ ያስተማረባቸው ከተሞች ናቸው። ሁለት እፍኝ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ሆነው አለፉ። ከወገዳ ንፋስ መውጫ ስንዛወር በኵር ልጃችንን ታቅፌ በበቅሎ ስንት ቀን እንደሄድን አስታውሳለሁ፤ አሁን ከረሜላው አፌ ውስጥ ሟሙቶ ሳያልቅ ተመለስን። ከፊቴ ያሉት ሰዎች ያጨበጭቡ ነበር። እኔ ማጨብጨብም ማልቀስም አልመጣልኝም። የተቀመጥኩት በእሱ ቦታ ነው፤ ስለዚህ እሱ ነኝ። መሬት ላይ የምፈልጋት ደግሞ እህቴ ናት፤ እሷ ግን እኔ ናት። ማን ማንን እንደሚፈልግ ተደበላለቀብኝ።

ዝቅ ማለት ጀመርን። ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። መስታወቱ የተቧጨረ ነው፣ ክንፉም ከፊት በኩል ይጋርዳል፤ ከኋላ መቀመጤ በጀኝ። ባሕር ዛፎቹ መጡ። የሜዳው ዳር መጣ። ጉቶውን ፈለግሁ። ብቻዋን የቆመች ሴት የለችም።

በምትኩ ሴቶች በረድፍ ቆመዋል። ስምንት ይሁኑ ዐሥር አልቆጠርኩም። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ በሁሉም ላይ ደግሞ ያ የቀለም መስመር ከታች ከእግራቸው ሳይሆን ከላይ ከአንገታቸው ነው። ጥለቱን በርግጥ አየሁት ብዬ መማል አልችልም። ምናልባት አቋቋማቸውን ነው ያየሁት። ዳር ላይ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ከዚያ ጎማው መሬት ነካና ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ሄደ።

ሐዘን ነው። አየር ላይ ሳለሁ ሰው ሞቷል። መጀመሪያ የመጣብኝ ልጄ ናት። ቀጥሎ እህቴ፤ በዚያ ዕድሜዋ ፀሐይ ላይ አቁሜያት! ስለ ፈተናው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ እሱም ማሰቤን ፈጽሜ ረሳሁ። በሩ ሲከፈት አዛውንቱ «ቀስ ይበሉ እናቴ» እያሉኝ ከሁሉ ቀድሜ ወረድኩ። የከተማው ሰው በእልልታ ሊቀበለን ወደ አውሮፕላኑ ሲመጣ እኔ በሌላ በኩል ሜዳውን አቋርጬ ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። መጀመሪያ የደረስኩባት የማላውቃት ሴት ናት። እጇን ይዤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። ከዚያ የቀጣይዋን። ከዚያ የሌላዋን። እነሱም «አንቺንም ያጽናሽ» እያሉ አንገቴን ያቅፉኛል። እህቴ ዘንድ ስደርስ ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«ባልሽ ነዋ!»

«እትዬ፣ በፈጠረሽ! ማን ሞተ?»

«ባልሽ ነው እላለሁ! ሌላ የሞተ የለም። ልጅሽ ያውልሽ፣ አውሮፕላን ሥር ፎቶ ትነሣለች።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ እንደሄድኩ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በዚያ ያልፋሉ። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ብቻዋን ቆማለች። «እናቴ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» አሉ። «የእህቴ ባል» አለች። መቼ እንደሞተ ልታስረዳ ስትል እነሱ ሸክማቸውን አውርደው ነጠላቸውን ይዘቀዝቃሉ። «ሂዱ፣ ቤታችሁ ሩቅ ነው» ብትል «እርስዎን ትተን?» አሉ። እነሱን ያዩ ሌሎች ተጨመሩ። ጠመንጃ የያዘው ሚሊሻም «አውሮፕላን ሊያርፍ ነው፣ ከዚህ ወግዱ!» እያለ መጥቶ፣ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ።

«ብቻሽን ቁሚ ብዬሽ!» አልኳት።

«ቆምኩ እኮ! ብቻዬን ማን አስቆመኝ?»

«አበላሸሽብኝ። እኔ ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ።»

እህቴ መሳቋን ተወችና ዓይኔን አየችኝ። «አንቺ? ብቻሽን? ጠዋት ልነግርሽ ስል አውሮፕላኑ አላሰማሽም። እናታችን ፊትሽ ነበረች። እኔ በቀኝሽ፣ አክስታችን በግራሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላ። አባቷ የሞተባትን ልጅ ብቻዋን ማን ያቆማል?»

«ወደ እኔ ነው የመጣው።»

«ወደ ሁላችንም ነው የመጣው። ልክ አንቺ አሁን እንዳደረግሽው። መጀመሪያ እናታችንን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ሁላችንንም ባንድ እጁ ሻንጣውን እንደያዘ በሌላው እየጨበጠ ለቅሶ ደረሰን። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንቺ መጨረሻ ነበርሽ።»

«እንዲህ ከሆነ እኔን አላየኝም።»

«እንጃ። አንቺ ዘንድ ሲደርስ ግን ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? እሱ ሲያወራልሽ ደስ ይልሽ ነበር። እኔ ምን ቤት ነኝ።»

ሴቶቹ ሸክማቸውን እየተጋገዙ አነሡ። ሙት ዓመቱ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንዷ ነጠላዋን አስተካክላ መልበስ ረስታ እንደዘቀዘቀችው ወደ ቤቷ ስትሄድ ከሩቅ አየኋት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ወረቀቱ ፊት ተቀመጥኩ። ወይራውን አስታውሳለሁ። ከወይራው ሥር ብቻዬን ነበርኩ። እናቴን አላስታውሳትም፣ የአክስቴን ትከሻ አላስታውሰውም። «ብቻሽን ነበርሽ» ያለኝ እሱ ይሁን፣ እኔ ጨምሬበት እሱ ዝም ብሎኝ ይሁን፣ አሁን ለይቼ አላውቅም። የማውቀው ከዚያ መስኮት ሐዘን እንደሚታይ ነው። ያየ ሰው ወዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ፤ እግሬ ሄዶበታል።

በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወደ ጋይንት በአውሮፕላን መጣ። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ከሜዳው ዳር ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች ከላይ አየ። እንደወረደ ሄዶ ለቅሶ ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ የመምህርነት ሥራውን ጀመረ።»

ልጄ ወደ ማተሚያ ቤት ልትወስደው ስትል አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«እማዬ፣ አንቺ የታለሽ?»

«እዚህ ነኛ» አልኳትና «ሴቶች» የሚለው ላይ ጣቴን አደረግሁ።

ሻንጣውን በሚታደለው ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም። እዚህ ጻፍኩት።